አባቴ ጎረቤት የዋለበት ቀን

ሆስፒታሉ አባቴን ሲያስወጣ የሰጠን ምክር አንድ መስመር ነበር፤ «ቤት ወስዳችሁ ተንከባከቡት፣ በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡት።» በቃ። እንዴት እንደሚገላበጥ ያሳየን የለም። ማን እንደሚያገላብጠው የጠየቀን የለም። እኔም ደንግጬ ስለነበር «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ። ያቺ «እግዜር ይስጥልኝ» እስከ ዛሬ ታናድደኛለች።

አባቴ አናጺ ነበር። ተወልዶ ያደገው ማንኪራ ነው፤ በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ጫካ እየገባ ዛፍ ላይ ቀፎ ይሰቅል ነበር። ቦንጋ ከመጣ በኋላ በርና መስኮት እየሠራ እኔን አንድ ልጁን አሳደገ፣ እናቴንም ቀበረ። አንድ ቀን ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። ደም ግፊት ነው አሉን። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፣ አፉ ተጣመመ፤ አእምሮው ግን እንዳለ ነበር። ይሄ የሆነው ሚሌኒየሙን ካከበርን በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ያኔ ገዢው ግንባር ስብሰባ በጠራ ቁጥር ስለ ጤና ሳይነሳ አይዋልም ነበር።

አንድ ወር ሳይሞላ ከወገቡ በታች፣ አጥንቱ ላይ፣ ቆዳው ቀላ። ሙቀት መስሎኝ ቅባት ቀባሁት። በሳምንቱ ተላጠ። ከዚያ እያየሁት የሲኒ አፍ አከለ፣ ጥልቀቱም ሌላ። ሽታውን አልነግራችሁም። ሆስፒታል ሄጄ የጠየቅኳት ነርስ የአልጋ ቁስል መሆኑን ነገረችኝና «ሳይዘጋ እንዳታስቀምጪው፤ ከተቀመጠ ሥጋው እንደገና ይቀደዳል» አለችኝ።

አባቴ ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ የቀረው ፍላጎት መቀመጥ ነው። ደጅ ወጥቶ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ መንገድ ላይ የሚያልፍ የሚያገድመውን ሰው ማየት። «ይሄን ኮርኒስ ራሴ ነኝ የመታሁት፤ ጥፋቱን ሁሉ አውቀዋለሁ። ሌላ ነገር አሳዪኝ እንጂ!» ይለኝ ነበር በተጣመመ አፉ። «ቁስልህ ይዘጋ እንጂ አወጣሃለሁ» እለዋለሁ። «ማይልኝ» ይላል። እምልለታለሁ። ስለዚህ ቁስሉን መዝጋት ለእኔ የሕይወቴ ሥራ ሆነ።

የመንግሥት ሥራዬ ደግሞ ምን መሰላችሁ? እዚያው ከተማ ውስጥ በአንድ የጤና መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ከጠዋት እስከ ማታ የምተይበው ስለ ቤት ለቤት ጤና ነው። ቤተሰቡ የራሱን ጤና በራሱ ያመርታል፤ አገልግሎቱ እያንዳንዱ ደጃፍ ደርሷል፤ ምኑ ቅጡ! ሐሰት አልናገርም፣ ብዙው እውነት ነበር። በየቀበሌው የተመደቡት ልጃገረዶች በዚያ በእኛ ጭቃ ቤት ለቤት ዞረው ሕፃን አስከትበዋል፣ አጎበር አሰቅለዋል፣ ሽንት ቤት አስቆፍረዋል። ይህን ብክድ ዓይኔ ይፍሰስ። ግን ያ ሁሉ የተሰናዳው ላልታመመ ሰው ነው። አንዴ ታሞ የአልጋ ቁራኛ የሆነ ሰው በዕቅዱ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ቅጹን የምተይበው እኔ ነኝ፣ ከላይ እስከ ታች አውቀዋለሁ። የሽንት ቤት ክዳን መኖር አለመኖሩ የሚሞላበት ቦታ አለው፤ አባቴ የሚሞላበት ቦታ የለውም።

ቤታችን ከከተማው ወጣ ያለ ቀበሌ ውስጥ ስለነበር የእኛም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረችን። የደካ ልጅ ናት፤ ከእናቷ ርቃ እኛ ዘንድ ተመድባ፣ ዝውውር ዝውውር እያለች ትኖር ነበር። ደግ ልጅ ናት፣ ክፉ አልናገርባትም። አንድ ቀን ማህደሯን ታቅፋ ስትመጣ አባቴን አሳየኋትና «እህቴ፣ ይሄን ቁስል እንዴት እንደማጥበው አሳዪኝ» አልኳት።

አየችውና ፊቷ ተለዋወጠ። «እትዬ፣ እሱ እኮ ፓኬጃችን ውስጥ የለም። የእኛ ሥራ መከላከል ነው» አለች።

«እሺ፣ እንዳይብስበት ተከላከዪልኛ!»

አንገቷን ደፋች። «ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው።»

«በምን? ባጃጅ ላይ ቁጭ አድርጌ?»

«እሱን እኔ እንጃ፣ እትዬ።» ማህደሯን ገለጥ አደረገችና «የእጅ መታጠቢያችሁ ውሃ አለው?» አለችኝ። ወጥታ ሽንት ቤቱ አጠገብ የተሰቀለውን ጀሪካን ነቀነቀችው፣ ውሃ እንዳለው አረጋገጠች፣ ምልክት አደረገች፣ ሄደች። ጤና ጣቢያውም ሄጄ ባለሙያ ቤት ድረስ ይልኩልኝ እንደሆነ ጠየቅኩ። ቤት ሄዶ ማከም በአሠራሩ አልተፈቀደም አሉኝ። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ከሁሉ የባሰው የቀኑ ሰዓት ነው። ማለዳ እኔ አገላብጠዋለሁ፣ ከሥራ ስወጣም እኔ አለሁ። በመሃል ማን አለ? ኃላፊያችን ከእኔ በስምንት ዓመት ያንሳል፤ ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር፣ እዚህ ላይ ግን አልለውም። ገባሁና አራት ሰዓት ላይ ለሃያ ደቂቃ ብቻ ቤት ደርሼ ልምጣ ብዬ ለመንኩት። ከወረቀቱ ቀና ሳይል «የቤትሽን ጉዳይ ቤትሽ ጨርሰሽ ነዪ» አለኝ። እጄ ላይ የያዝኩት ሊፈርምበት ያመጣሁለት ሰነድ ነው፤ ርዕሱ ስለ ቤት ለቤት ጤና! አስፈርሜ ወጣሁ።

ከዚህ ጭንቅ ያወጡኝ ከቤታችን ፊት ለፊት ያሉት ባለሱቅ ናቸው። አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው የከፈቱትን ሱቅ ወርሰው፣ ጨውና ሳሙና፣ ላምባና ምስማር እየሸጡ የኖሩ ሙስሊም ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ከአባቴ ጋር ሠላሳ ዓመት ሲበሻሸቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ስጨነቅ አይተው «ምን ሆነሽ ነው?» አሉኝ፤ ነገርኳቸው። «ታዲያ እኔ ምን ልሠራ ነው እዚህ የተቀመጥኩት?» አሉ። አንድ እሑድ ከትራስ ጋር እንዴት ወደ ጎን እንደሚያዞሩት አብረን ተለማመድን። ከዚያ ወዲያ በአራት፣ በስድስት፣ በስምንት ሰዓት ሱቃቸውን ገርበብ አድርገው መንገዱን ይሻገራሉ።

«ተነስ አንተ ሰነፍ! ያልጨረስክልኝ መደርደሪያ አለ» ይሉታል እየገለበጡት።

«እንጨትህ ጠማማ ነበር» ይላል አባቴ።

«ጠማማስ እጅህ ነው!»

ለእኚህ ሰው ደሞዝ የከፈለ የለም፣ ሥልጠና የሰጠ የለም፣ በየትኛውም ሪፖርት ላይ አልተጻፉም። ሪፖርቱን የምተይበው እኔ ስለሆንኩ በእርግጠኝነት ነው የምናገረው።

የቁስሉን መድኃኒት ያመጣው ራሱ አባቴ ነው። «ማር አድርጊበት» አለኝ። አባቱ ከዛፍ ወድቆ የተሰነጠቀ እግሩን በጫካ ማር ነበር ያዳነው። መጀመሪያ ሳቅሁበት። ኋላ ግን ሌላ ምን ነበረኝ? ማንኪራ ለአክስቴ ልጅ ላክሁበት፣ ወፍራም ነጭ ማር በእንስራ ሞልቶ ላከልኝ። ውሃ አፍልቼ፣ ጨው ጨምሬ አቀዘቅዝና ቁስሉን አጥባለሁ፤ ከዚያ በንጹሕ ጎዝ ማር ቀብቼ እሸፍነዋለሁ። ከሥሩ ላብ እንዳይይዘው ብዬ ፍራሹ ላይ ለስላሳ የእንሰት ቅጠል እዘረጋለሁ፤ ጠዋትና ማታ እቀይረዋለሁ። በሁለት ሳምንት ሽታው ጠፋ። በወሩ ሥጋው ቀይ ሆኖ ከሥር መሙላት ጀመረ። እልል ልበል እንዴ እስክል ድረስ ደስ አለኝ።

ኤክስቴንሽኗ ማሩን ስታይ ግን ተጨነቀች። «እትዬ፣ ይሄ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ተብሎ ይያዝብኛል» አለችኝ። «ቁስሉን እዪዋ!» አልኳት። አየችው። «ሲገርም!» አለች ከልቧ። ቢሆንም «እንስራውን ሰው ከማያየው ቦታ ያድርጉልኝ» ብላ ለመነችኝ።

አምስተኛው ወር ላይ ቁስሉ የአውራ ጣቴን ጥፍር አከለ። አባቴ በየቀኑ «ስንት ቀረው?» ይለኛል። «ሁለት ሳምንት» አልኩት። ጋሼ ሱቃቸው ውስጥ ከነበሩት የላስቲክ ወንበሮች ባለ መደገፊያውን አምጥተው በረንዳው ላይ አስቀመጡለት። አልጋው ሳሎን ስለነበር በበሩ በኩል ያየዋል። ልጅ ሆኜ እንኳ እንደዚያ ሲደሰት አይቼው አላውቅም።

እዚህ ላይ ነው ጉብኝቱ የመጣው።

ኃላፊያችን ቢሮው ጠራኝ። ከላይ እንግዶች ይመጣሉ፤ ሞዴል ቤተሰብ ማየት ይፈልጋሉ፤ የተመረጠው የእኔ ቤት ነው። «የራሳችን ሠራተኛ ቤት ሞዴል ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?» አለኝ። አባቴ ታሞ መተኛቱን አስታወስኩት። «እሱ ላይ አንድ ነገር እናደርጋለን» አለ።

ያደረጉት ነገር ይሄ ነው። ኤክስቴንሽኗ ከጉብኝቱ በፊት በነበረው ቀን መጥታ እጆቿን እያፍተለተለች ቆመች። አልጋው ሳሎን ውስጥ መሆኑ ነጥብ ያስቀንሳል፤ የማሩ ነገር ያስጠይቃል፤ እንግዶቹ የታመመ ሰው ቤት ውስጥ ካዩ ጥያቄው ይበዛል። «ለአንድ ሰዓት ብቻ ጎረቤት ቢቆዩስ? ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ፣ በአራት ሰዓት ይሄዳሉ። ይሄ ካለፈልኝ ዝውውሬን ይፈርሙልኛል፣ እትዬ። እናቴን ሦስት ዓመት ሙሉ ጠግቤ አላየኋትም» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«አይሆንም!» አልኩ። እዚያው የነበሩት ጋሼ ደግሞ «ወላሂ፣ ሰው እንደ ዕቃ አይደበቅም!» ብለው ጮኹ። እምቢ ብለን ጨርሰን ነበር እኮ። እሺ ያለው አባቴ ነው። ከአልጋው ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል።

«ለአንድ ሰዓት ምን እሆናለሁ? ልጄ ሥራዋን እንዳታጣ። ይቺም ልጅ እናቷ ጋ ትሂድ» አለ።

ያን ጊዜ አፌን ሞልቼ እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ደሞዜ ቢቀር የአባቴን የደም ግፊት መድኃኒት በምን እገዛለሁ ብዬ ፈራሁ። ፈራሁ ነው የምላችሁ፣ ሌላ ምክንያት አልደረድርም።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጋሼና እኔ ወደ ሱቃቸው ተሸከምነው። የሱቁ ጓዳ በጨውና በበቆሎ ጆንያ ተጨናንቋል፣ ሰው አያስተኛም። ስለዚህ በዚያው በላስቲኩ ወንበር ተቀመጠ። ከሥሩ ስፖንጅ አደረግሁ፣ ብርድ ልብስ አጠፍኩ፣ በጆንያ ደገፍኩት። «ለአንድ ሰዓት ነው» ተባባልን፤ ሦስታችንም ደጋግመን አልነው። ቤት ተመልሼ አልጋውን አነሳሁ፣ የእንሰቱን ቅጠል ጣልኩ፣ እንስራውን ደበቅሁ። ሳሎኑ ያማረ ሆነ።

ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አልመጡም። አራት ሰዓት ሆነ። «ሺሺንዳን አልፈዋል፣ ደረሱ» ተባለ፤ ማን እንዳለው አይታወቅም። ጋሼ የአካባቢው ሽማግሌ ተወካይ ተብለው ነጠላ ለብሰው በር ላይ እንዲቆሙ ተደርገዋል። እኔ የቤቱ ባለቤት ነኝ፣ ከፊት ነው የቆምኩት። ኤክስቴንሽኗ ቻርቷን ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች፣ ትነቅላለች። አባቴን የሚያገላብጥ ሰው በሙሉ እንግዳ ለመቀበል ተሰልፎ ቆሟል። በአምስት ሰዓት ልንቀሳቀስ ስል ኃላፊያችን «ወዴት ነው? ድልድዩ ጋ ደርሰዋል እኮ!» አለኝ። በሰባት ሰዓት ሽንት ቤት ልሂድ ብዬ አምልጬ ሱቁ ገባሁ። አባቴ ፊቱ በላብ ተነክሯል። ልይዘው ስል በግራ እጁ ገፋኝ።

«ሂጂ፣ ያዩሻል። ደህና ነኝ።»

ሄድኩ። ምን ዓይነት ልጅ ነኝ እላለሁ አንዳንዴ። ሄድኩ!

እንግዶቹ የደረሱት በዘጠኝ ሰዓት ነው። ምሳ ላይ ቆይተው ኖሯል። ከሁለት መኪና ወረዱ፣ ሽንት ቤቱን አዩ፣ ጀሪካኑን ነቀነቁ፣ ሳሎኑን በበሩ በኩል አይተው ጫማቸው ጭቃ ስለነበር ሳይገቡ ቀሩ። አልጋው እዚያው ቢሆን ኖሮ እንኳ ላያዩት ይችሉ ነበር! ከዚያ መንገዱ ዳር፣ ከሱቁ ፊት ለፊት ቆመን አንደኛው እንግዳ ወፍራም ሰውዬ ጮክ ብሎ ጠየቀኝ፤

«እህቴ፣ አሁን በቤትሽ የታመመ ሰው አለ?»

ኃላፊያችን ያየኛል። ኤክስቴንሽኗ ታየኛለች። ጋሼ መሬት መሬት ያያሉ።

«የለም» አልኩ።

«አያችሁ! ፓኬጁ ሲተገበር ውጤቱ ይሄ ነው!» አለ። ተጨበጨበ። ሰርተፊኬት ሰጡኝ፣ ፎቶ ተነሳን። ቢበዛ አሥራ አምስት ደቂቃ ቢቆዩ ነው። መኪናው ገና መታጠፊያውን ሳይጨርስ መንገዱን እየሮጥኩ ተሻገርኩ።

ወንበሩ ላይ ወደ ጎን ተጣሞ ነበር። ስፖንጁ ርሷል። ጋሼ ከኋላዬ ደርሰው ሲያዩት «አላህ ይቅር ይበለን» ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። በጣውላ ላይ አስተኝተን ቤት አስገባነው። ልብሱን ስገልጥ አምስት ወር የደከምኩበት ሥጋ ተቀዶ፣ ከመጀመሪያው ይልቅ ሰፍቶ፣ አጥንቱ ሊታይ ምንም አልቀረውም። ውሃ አፈላሁ። ሳጥበው ድምፅ አላወጣም። መጨረሻ ላይ ብቻ አንገቱን ወደ እኔ መለስ አድርጎ፣

«የለም ስትይ ሰማሁሽ» አለኝ።

«አባባ...»

«ደህና ነው የመለስሽው። ምን ልትዪ ኖሯል?»

እየሰደበኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እየሰደበኝ አልነበረም፤ ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው።

ሰኞ ሥራ ገብቼ ሪፖርቱን ተየብኩ። የእኔ ቤት ተራ ሲደርስ የሚጻፈውን ራሱ ኃላፊያችን ከአጠገቤ ቆሞ ነገረኝ፤ በቤተሰቡ ውስጥ አንድም ሕመምተኛ አልተገኘም። ተየብኩት። ኤክስቴንሽኗ በሁለተኛው ወር ወደ ደካ ተዛወረች፤ ልትሰናበተን መጥታ የአባቴን እግር ስማ ስታለቅስ ዋለች። በእሷ አልተቀየምኩም። የተቀየምኩት ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ በሬ ላይ ቆሞ፣ አባቴን ሳያይ በተመለሰው ነገር ነው፤ ስሙን ምን እንደምለው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ አገላብጪኝ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። ድሮ ሰዓቱ ትንሽ ካለፈ ይጮህብኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን ጥርሱን ነክሶ ዝም። ስጠይቀው «ደህና ነኝ፣ ሥራሽን ሥሪ» ይለኛል። ጋሼ ሲያሾፉበትም አይመልስም። ደጅ አውጪኝ ማለቱንም ተወው። እኔ ግን ማሩን መቀባቴን፣ ቅጠሉን መቀየሬን አላቆምኩም። ቁስሉ ግን እምቢ አለኝ፤ ክረምቱ ሲገባ ትኩሳት ያዘው፣ በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሬሳውን ሲያወጡ ነው ደጅ የወጣው።